ጋሽ ጴጥሮስና ጣሪያ የሌላት መኪናው

የጋሽ ጴጥሮስን ሞት የሰማሁት ቴፒ አጠገብ፣ አንድ የቡና ማጠቢያ ውስጥ የተሰነጠቀ የብረት ገንዳ ስበይድ ነው። የደወለችልኝ ሚስቱ እትዬ አስቴር ናት።

"ይመር፣ ጋሼህ ወደ ጌታ ሄደ" አለችኝ።

"መቼ?"

"ዛሬ ጠዋት። ከመጣህ ቶሎ ና። ካልመጣህም አልቀየምህም።"

ዘጋችው። ብየዳውን ጨርሼ ነው የሄድኩት። የተለቀመው ቀይ ቡና ክምር ብሎ ይጠብቅ ነበር፤ ገንዳው ካልተዘጋ መበላሸቱ ነው። ደግሞ ጋሽ ጴጥሮስ ራሱ ቢሆን ለእኔ ሞት ብሎ የጀመረውን ሥራ ጥሎ አይነሳም።

ቀብሩ ላይ ሰባኪው "ወንድማችን ጴጥሮስ መኪና ይወድ ነበር፤ ዛሬ ግን ከምድር መኪና የሚበልጥ ሠረገላ ላይ ተቀምጧል" አለ። ሕዝቡ ፈገግ አለ። እኔ አላልኩም። ጋሽ ጴጥሮስ መኪና አይወድም ነበር። ዕድሜውን ሙሉ የሰው መኪና ሆድ ሥር ተጋድሞ ዘይት ሲንጠባጠብበት የኖረ ሰው ምን ብሎ መኪና ይወዳል? የሚወዳት አንዲት መኪና ነበረች። እሷም እኔ እሱን ከማወቄ በፊት ሞታ የበሰበሰች ናት።

ሰውየው ሸዋ ቤንች የሚባለው ወረዳ ልጅ ነው። በጎረምሳነቱ ወደ ቴፒ ወርዶ አንድ የቡና እርሻ ውስጥ ተቀጠረ። እዚያ ቡና የሚያስተክል አንድ እንግሊዛዊ ነበር። እንግሊዛዊው ከአገሩ ያስመጣት አረንጓዴ መኪና ነበረችው፤ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ኮፈኗ ረጅም፣ ጣሪያ የሌላት፣ ከመሬት እምብዛም ያልራቀች። እንዲህ ያለች መኪና እዚህ ጭቃ አገር ለምን እንዳመጣት እሱ ይወቅ። አንድ ቀን ሰውየው እጁ ቆስሎ መንዳት ሲያቅተው ጴጥሮስን "አንተ ንዳ" አለው። ከመጋዘኑ እስከ ወንዙ ድረስ ነዳት። በቃ፣ ያ ብቻ ነው። ከዚያ አብዮት መጣ፣ እንግሊዛዊው ሄደ፣ መኪናዋን አንድ ሹም ወስዶ ሰበራትና ጣላት። በመጨረሻ ላሜራዋ ተቆርጦ የዶሮ ቤት በር ሆነ።

ሌላ ሰው ቢሆን ለልጆቹ አውርቶት ያልፋል። ጋሽ ጴጥሮስ አላለፈውም።

እኔ ያገኘሁት ከብዙ ዘመን በኋላ፣ አማን ከተማ ላይ ጋራዥ ከፍቶ ነው። ከወሎ በሰፈራ ከመጡት ወገን ነኝ፤ እርሻው አልሆነልኝም፣ ብየዳ ለመድኩ። ፊደል የቆጠርኩት እንኳ ጢም ካወጣሁና ልጅ ከወለድኩ በኋላ በማታ ትምህርት ነው። ለሌላ ሰው መጀመሪያ ያነበብኩት ወረቀት ጋሽ ጴጥሮስ የገዛው የአንድ አሮጌ የጃፓን ፒካፕ ሊብሬ ነበር። እየተንተባተብኩ ጨረስኩለት።

"ጥሩ አነበብክ" አለኝ። "አሁን መኪናዋን አፍርሳት።"

እንዲህ ነው የተጀመረው። የፒካፑን የሥር ብረት፣ ሻንሲዋንና ሞተሯን አስቀርተን ሌላውን ጣልን፤ በላዩ ላይ የእንግሊዛዊውን መኪና ልንሠራ።

ፎቶ አልነበረውም። ስሟንም አያውቅም፤ "የእንግሊዙ" ነው የሚላት። መለኪያው የራሱ ሰውነት ነበር። የለስላሳ ሳጥን ይደፋና ይቀመጥበታል፤ ዓይኑን ይጨፍናል፤ እግሩን ዘርግቶ የሌለ ፍሬን ይረግጣል፤ የሌለ መሪ ይጨብጣል፤ ቀኝ ክርኑን ደግሞ የሌለ በር ላይ ያሳርፋል። "አሁን ለካ" ይለኛል። በሲባጎ ከመሬት እስከ ክርኑ፣ ከጉልበቱ እስከ ጣቱ እለካለሁ። ላሜራ ቆርጬ፣ አጥፌ አመጣለታለሁ። ይቀመጥና ራሱን ይነቀንቃል።

"ደግሞ ምን ጎደለ?"

"ክርኔ አላወቃትም።"

"ጋሼ፣ ያኔ ጎረምሳ ነበርክ። አሁን ጎብጠሃል፤ ክርንህም አብሮህ ወርዷል።"

"አንተ ዝም ብለህ ብየድ።"

ስንት በር ቆርጠን እንደጣልን አላስታውስም። አንዱን በር አሁንም ጎረቤቱ ለበግ ጋጣ ይጠቀምበታል።

ሥራው ዓመታት ፈጀ፤ የሰው መኪና ጠግነን በተረፈን ሰዓት ነው የምንሠራው። አጥንቷን ከዋንዛ እንጨት አወጣነው፤ ቆዳዋን ከዘይት በርሜል ቀጥቅጠን ዘረጋነው። በሚዛን አማን ዝናብ ጣሪያ የሌላት መኪና የሚሠራ ሰው ታይቶ ስለማይታወቅ ሰፈሩ "ታንኳ" ብሎ ሰየማት። በአጥሩ የሚያልፍ ሁሉ "ጋሽ ጴጥሮስ፣ መቅዘፊያዋ ደረሰ ወይ?" ይላል። እሱ ቀና አይልም። እትዬ አስቴር ግን መልስ አታጣም።

"ቤቴ ጣሪያ አለው ግን ያፈሳል" ትላለች። "የእሱዋ ደግሞ አታፈስም፤ ጣሪያ የላትማ።"

ሞተሯ የጃፓን፣ ጎማዋ የቻይና፣ እንጨቷ የቤንች ዱር ነው። ከእንግሊዝ የያዘችው ነገር ቢኖር የመሪዋ ቦታ ነበር። የፒካፑ መሪ በግራ ነው፤ እንዳለ ብንተወው ምንም አልነበረበትም። ጋሽ ጴጥሮስ ግን "በቀኝ ነው የነዳኋት፣ በቀኝ ትሆናለች" ብሎ ድርቅ አለ። የመሪውን ማዞሪያ ሳጥን ገልብጠን በቀኝ በኩል አሰርነው። መገልበጡ ምን እንደሚያመጣ ሁለታችንም አላሰብንም።

ግቢ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አስነስቶ ወደ ቀኝ ሲያዞር ታንኳዋ ወደ ግራ ሄደች። ደነገጠና አብልጦ ወደ ቀኝ አዞረ፤ እሷም አብልጣ ወደ ግራ። ሄዳ ሄዳ የሽንት ቤቱን ቆርቆሮ ገጨችው። ውስጥ ሊጠይቁን የመጡ አንድ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነበሩ። "በኢየሱስ ስም!" ብለው ሱሪያቸውን በእጃቸው ይዘው ወጡ።

"ወንድም ጴጥሮስ፣ ምን አድርጌህ ነው?"

"እርስዎ ምንም አላደረጉኝም፤ መሪው ነው።"

እትዬ አስቴር ሳቋ ጣላትና መሬት ላይ ቁጭ አለች። በዚያች መኪና ስትስቅ ያየኋት ለመጨረሻ ጊዜ ነው።

ምክንያቱም ቀጥሎ የቡናው ነገር መጣ። የጓሯቸውን ቡና ለቅመው ግቢው ውስጥ የማድረቂያ አልጋ ላይ አስጥተውታል። ተሽጦ የቤቱ ጣሪያ ሊታደስበት ነው። እኛ አገር ቡና ማስጣት ማለት ሰማይ ሰማይ እያዩ መኖር ነው፤ ሸራውን አጠገብህ አስቀምጠህ ጠብታ ስትሰማ ትሮጣለህ። በዚያው ሰሞን ታንኳዋን አረንጓዴ ቀብተን፣ ቀለሙ እንዲደርቅ እዚያው ፀሐይ ላይ አወጣናት። ሸራው አንድ ነው።

ዝናቡ ሳይጠየቅ መጣ። እትዬ አስቴር የሸራውን አንድ ጫፍ ይዛ ወደ ቡናው ስትሮጥ ጋሽ ጴጥሮስ ሌላኛውን ጫፍ ያዘ። መጀመሪያ የሚያግዛት መስሏት "ቶሎ፣ ቶሎ!" አለችው። እሱ ግን ወደ መኪናዋ ነው የሚጎትተው።

"አንተ ሰውዬ፣ ልቀቅ!"

"ቀለሟ እርጥብ ነው፣ አስቴር!"

"ቡናው ይርጠብ ነው የምትለኝ?"

ሁለት ሽማግሌዎች ዝናብ መሐል ቆመው ሸራ ሲጓተቱ አየሁ። እኔ ቡናውን የምሸፍንበት ጆንያ ፈልጌ ስመለስ እሱ አሸንፎ ነበር። ቡናው ውሃ ጠጣ፤ ሻገተ፤ ሸተተ። ነጋዴው ከአጥሩ ውጭ ሆኖ አሽትቶ ተመለሰ።  ነጋዴው በተመለሰ ማግሥት እትዬ አስቴር ቁርስ አቀረበችልንና "ቀለሟ ደረቀ?" ብላ ጠየቀችው።

"ደረቀ" አላት።

"እግዚአብሔር ይመስገን" ብላ ገባች። እንደዚያ ያለ ስድብ በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም።

እንግዲህ መኪናዋ ተሠራች፣ ተቀባች፣ መሪዋም ተስተካክሎ ወዳዞሩበት መሄድ ጀመረች። የቀረው ታርጋ ነው። ያለ ታርጋ ከበር አትወጣም። ጋሽ ጴጥሮስ የሚፈልገው ደግሞ ያችኑ ይዞ ከአማን እስከ ቴፒ አንዴ መሄድ ነበር። ሌላ ነገር ከዚህ ዓለም አልፈለገም። ሰው አይመነው ይሆናል፤ እኔ ግን አብሬው ስለዋልኩ አውቃለሁ።

የትራንስፖርት ቢሮው የተሽከርካሪ መርማሪ ወጣት ነበር። ግቢው ድረስ መጣ። ዞራት፣ ነካካት፣ በስልኩ ፎቶ አነሳት።

"አባባ፣ እውነቱን ልንገርዎት፣ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም" አለ። "ግን መሪው በቀኝ ነው።"

"አዎ።"

"በቀኝ መሪ ታርጋ አይሰጥም። ወደ ግራ ያምጡት። ሊብሬው የፒካፑ አለ፤ የቦዲ ለውጥ ብዬ ሌላውን እኔው እጨርስልዎታለሁ።"

"አይመጣም።"

"አባባ፣ አንድ መሪ እኮ ነው!"

"ልጄ፣ ሌላውን ሁሉ ለውጥ በለኝ፣ እለውጣለሁ።"

ልጁ በትህትና ተሰናብቶ ሄደ። ሐሳብዎን ከቀየሩ ይጥሩኝ ብሎ የስልክ ቁጥሩን ሰጠን። እኔ ግን ተናደድኩ። ክፉ ሰው ቢያጋጥመን ኖሮ ክፉ ሰው አጋጠመን ብለን እንቀመጥ ነበር። በሩ ተከፍቶልን አልገባም ማለት ምን ይባላል?

"ጋሼ፣ አብደሃል እንዴ? በግራ ብትነዳት ምን ትሆናለህ?"

የለስላሳ ሳጥኑ ላይ ተቀመጠ። 

"ያኔ መንገዱ ጠባብ ነበር" አለ። "መኪናዋን ወደ ቀኝ አስጠግተህ ትነዳለህ። አንተም በቀኝ ነህ። በሯ ዝቅ ያለ ነው፣ ክርንህ ውጭ ነው። ቡናው ያዘነብልና እጅህን ይነካሃል። ቅጠሉ፣ ፍሬው፣ ሁሉም። ከላይ ጥላ ዛፍ ነው። እስከ ወንዙ ድረስ እየነካካኝ ሄድኩ። ከዚያ ወዲህ ቡና ለቅሜያለሁ፣ ተሸክሜያለሁ፣ የቡና መኪና ጠግኛለሁ። እንደዚያ ነክቶኝ አያውቅም።"

"አሁን እኮ አስፋልት ነው። መንገዱ ሰፍቷል። በቀኝ ብትቀመጥም ቡናው አይደርስብህም።"

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ?"

"አውቃለሁ አልኩህ እኮ።"

ከዚያ በኋላ ታንኳዋ ቆመች። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ያስነሳታል። ከበሩ እስከ ሽንት ቤቱ፣ ከሽንት ቤቱ እስከ በሩ ይነዳትና ያጠፋታል። የእኛን አገር እርጥበት ታውቁታላችሁ። ዋንዛው አበጠ። በሩ መዘጋት እምቢ አለ። በቀለሙ ሥር ዝገት አረፋ አወጣ። እየፋቅን እንቀባለን፣ እየቀባን ይዝጋል። የሚቀልድበትም ሰው ሰለቸውና ተወ። መቀለዱ ይሻል ነበር።

ከዚያ ስኳር ያዘው። ዓይኑ ደከመ፤ እግሩ መደንዘዝ ጀመረ። አንድ ቀን ፍሬኑን የረገጠ መስሎት ነዳጅ ሰጥቶ አጥሩ ጋ ሲደርስ አጠገቡ የተቀመጥኩት እኔ ቁልፉን አዙሬ ሞተሩን አጠፋሁት። ያን ጊዜ ነው በግልጽ የነገርኩት። እኔ ማባበል አልችልበትም።

"ጋሼ፣ እንዲህ ከቀጠልክ መኪናዋ ሳትወጣ አንተ ነህ ከዚህ በር የምትወጣው፣ ተሸክመንህ።"

ለሳምንት ያህል አላናገረኝም። ከዚያ አንድ ጠዋት ገና ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ "ቁረጠው" አለኝ።

"ምኑን?"

"መሪውን። ወደ ግራ ውሰደው።"

እስክጨርስ ድረስ ከቤት አልወጣም። የብረት መቁረጫው ግራይንደር ድምፅ ሲጀምር እትዬ አስቴር ወጥታ አጠገቤ ቆመች። ደስ የሚላት መስሎኝ ነበር።

"ተው ማለት ትችል ነበር" አለችኝ።

"ራሱ ነው ያዘዘኝ።"

"እሱማ ራሱ ነው።" እንደዚያ ብላ ገባች።

ወጣቱ መርማሪ ቃሉን ጠበቀ። ታርጋውን ይዞ መጥቶ በገዛ እጁ አሰረላት፤ ጋሽ ጴጥሮስንም እጅ ነሳው። ደግ ልጅ ነው። በማንም ላይ ማሳበብ ስለማልችል ነው ነገሩ እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ።

በማግሥቱ ወጣን። እሱ በግራ መሪውን ይዞ፣ እኔ በቀኝ። አማን ሙሉ ወደ በረንዳ ወጣ። "ታንኳዋ ወጣች!" እያለ የሚያፏጨው፣ የሚያጨበጭበው ብዙ ነው። የባጃጅ ሾፌሮች ክላክስ እያስጮሁ እስከ ከተማው ጫፍ ሸኙን። ጋሽ ጴጥሮስ በአንድ እጁ ሰላምታ ይሰጣል። ፊቱ ግን እንደ ታመመ ሰው ነው። ከተማውን ስንለቅ ቀኝ ክርኑን ወደ ጎን ዘረጋ፤ በሩን ሲፈልግ የእኔን ጎድን አገኘ። ይቅርታ አለኝ። ትንሽ ሄዶ ደግሞ ዘረጋ። ደግሞ ጎድኔን። በግራው በኩል ቡና የጫነ አይሱዙ አየሩን እየገፋ ሲያልፍ ደንግጦ መኪናዋን ዳር አቆማት።

"ይመር፣ ቦታ እንለዋወጥ።"

ተለዋወጥን። እኔ መሪው ጋ፣ እሱ በቀኝ፣ እንደ ተሳፋሪ። ክርኑን በሩ ላይ አሳረፈ። ዓይኑን ጨፈነ። እጁን ወደ ውጭ ዘረጋ።

"ንዳ" አለኝ።

ነዳሁ። በተቻለኝ መጠን ወደ ዳር አስጠግቼ ነዳሁ፤ ጎማው ጠጠሩን እስኪረግጥ ድረስ። ቡናው ከቦዩ ማዶ፣ ከአጥሩ ማዶ ነው። ንፋስ ብቻ ነው እጁን የመታው። ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄድን አላውቅም፤ ቴፒ ግን ሩቅ ነበር።

"መልሰኝ" አለ።

"አመመህ?"

"አላመመኝም። ይቺ ያቺ አይደለችም።"

"ጋሼ፣ ያቺም ያቺ አትሆንም ነበር። አንተም ያ ጎረምሳ አይደለህም።"

መኪናዋን አዞርኩ። ስንመለስ አማን አሁንም በረንዳ ላይ ነበር፤ ቴፒ ደርሰን የመጣን መስሏቸው አጨበጨቡልን። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስኪሞት ድረስ መኪናዋ ውስጥ አልተቀመጠም። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መጥቶ ያልፋታል። እኔ "ላስነሳት?" ስለው "ነዳጅ አትጨርስ" ይለኛል። ገዳዩ ስኳሩ ነው፤ መሪ ሰው አይገድልም። እንዲህ እያልኩ ራሴን ብዙ ጊዜ አስረድቻለሁ።

ከቀብሩ በኋላ እትዬ አስቴር መኪናዋን ለአንድ ሆቴል ባለቤት ሸጠቻት፤ የቤቱንም ቆርቆሮ አስቀየረች። ትክክል አድርጋለች። ቢዘገይም የእሷ ሐቅ ነው። ሰውየው ሞተሯን አውጥቶ ለሌላ መኪናው አደረገው፤ እሷን አትክልቱ መሐል ሲሚንቶ ላይ አስቀመጣት። ሙሽሮች ይቀመጡባትና ፎቶ ይነሳሉ። ያ ሁሉ ልፋት ለዚህ።

ባለፈው ይኸው ሰውዬ አስጠራኝ።

"ይመር፣ አንድ እንግዳ መጥቶ የእንግሊዝ መኪና መሪዋ በቀኝ ነው አለኝ። ተሳስቶ ነው የሠራት ማለት ነው፣ ሟቹ?"

"አልተሳሳተም።"

"ብቻ ወደ ቀኝ አዙርልኝ፤ ትክክለኛዋን እንድትመስል።"

"ከሥሩ ሁሉ ተፈታቷል። ማርሽ የለ፣ ሞተር የለ። ምን ላይ ልሰረው?"

"የትም በይደው። ማን ይነዳታል?"

እምቢ ማለት ይቻል ነበር። መሣሪያዬን አምጥቼ በየድኩት። መሪው ያለበት ቦታ ሟቹ የፈለገው ቦታ ነው፤ በቀኝ። ጥብቅ አድርጌ ነው የበየድኩት፤ ወደየትም አይዞርም።